በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል

ሩወይዳ ሊፍቱ ውስጥ የገባችው ጊያስን ሸሽታ ነበር።

ከሕንፃው መግቢያ፣ ከካዕክ ዳቦ ሻጩ ጋሪ አጠገብ ቆሞ ስታየው ልቧ ድንግጥ አለ። ሁለት ወር ሊሞላው ነው ካየችው። ያው ቡናማ ጃኬቱ፣ ያው እጅጌው ላይ የማይጠፋው የጠመኔ ብናኝ። ከስቷል። መክሳቱን ልብ ማለቷ ራሱ አናደዳት። «ይክሳ፣ እኔ ምን አገባኝ» አለች በሆዷ። ፊቷን አዙራ ወደ ሊፍቱ ተጣደፈች። ጊያስ ሊፍት እንደማይጠቀም ታውቃለች። አምስተኛ ፎቅ ድረስ ሁልጊዜ በእግሩ ነው የሚወጣው። «ለጤና ነው» ይል ነበር፣ ላብ አጥምቆት እየደረሰ።

አምስት ቁጥርን ተጫነች። በሩ እየተንቋቋ ሊዘጋ ሲል አንድ እጅ ገብቶ ያዘው። ከእጁ ቀጥሎ ጊያስ ራሱ ገባ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ውጣ» አለችው።

«አምስት ፎቅ ብቻ ስሚኝ፣ ሩወይዳ። ከዚያ በኋላ ከፈለግሽ ዕድሜ ልክሽን አታናግሪኝ።»

«ሰው ያየናል።»

«ማንም የለም። በረኛውም ጁምዓ ሊሰግድ ሄዷል።»

በሩ ተዘጋ። ሊፍቱ አንዴ ተንቀጥቅጦ ተነሳ። ጊያስ ሁለት መዳፉን ከኋላው ግድግዳው ላይ ለጥፎ ቆመ፤ እሷ ደግሞ ዓይኗን ከበሩ በላይ በሚበሩት ቁጥሮች ላይ ተከለች። ላለማየት ብትጥርም ከንፈሩ መንቀጥቀጡን አየች። ሐፍረት ነው ብላ ገመተች። ይፈር። ደግ አደረገ።

«ያን ማታ...» ብሎ ጀመረ።

«ያን ማታ» ብላ ከአፉ ነጠቀችው፣ «አባቴ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ነው የጠበቀህ። የናፍጣው ሽታ እንዲለቀው እጁን በሎሚ አሽቶ። የጄኔሬተሩ ቀበቶ ተበጥሶ ሰፈሩ ሁሉ በጨለማ ተቀምጦ፣ ሰው እየደወለ እየሰደበው፣ ‹ዛሬ እንግዳ አለብኝ› ብሎ ሁሉንም ለሠራተኛ ትቶልህ። እኔ ደግሞ የኩናፋውን ጣፋጭ ሳሞቅ፣ ሲቀዘቅዝ፣ መልሼ ሳሞቅ። አንተ ግን ቀረህ። በማግስቱ እንኳ ደውለህ ‹ሞቼ ነበር› አላልክም።»

«ሩወይዳ፣ እኔ...»

ሊፍቱ ከወገቡ እንደተመታ እንስሳ ቀጥ አለ። መብራቱ ጠፋ።

ጨለማው ልክ እንደ ጨርቅ ፊታቸው ላይ ወደቀ። ሩወይዳ መጀመሪያ የተሰማት ፍርሃት አልነበረም፤ በራሷ መናደድ ነበር። ስድስት ሰዓት ሆኗል። ሚና የሚባለው የወደብ ሰፈራቸው ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ የመንግሥት መብራት ከሄደ ስንት ጊዜው ነው፣ ሰፈሩ እየከፈለ የሚበራበት የአቡ ሙንዚር ጄኔሬተር ደግሞ ቀን ከስድስት እስከ ዘጠኝ ያርፋል። ይህን ከሁሉ በፊት ማወቅ የነበረባት እሷ ናት። አቡ ሙንዚር አባቷ ነው። ተናዳ ስትጣደፍ ግን ሰዓቷን አላየችም፣ እና አሁን በዚህች ሳጥን ውስጥ፣ በዓለም ላይ ከማንም በላይ ልታየው ከማትፈልገው፣ ከማንም በላይም ከናፈቃት ሰው ጋር ተዘግታለች።

* * *

የተዋወቁት በመጽሐፍ ነው።

አምስተኛ ፎቅ ላይ ማዳም ማርሴል የምትባል፣ መነጽሯን በሰንሰለት ያንጠለጠለች ሴት የልጆች መጽሐፍ ታሳትማለች። ሩወይዳ ሥዕል ትሠራላታለች። አንድ ቀን ማዳም ማርሴል ጥቂት ገጾች እጇ ላይ አኑራ «የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነው ያመጣው። አንብቢውና ንገሪኝ፤ እኔን አስለቅሶኛል፣ እኔ ግን ስላረጀሁ በሁሉም ነው የማለቅሰው» አለቻት።

ታሪኩ ሉሉ ስለምትባል፣ መብራት ሲጠፋ አልጋዋ ላይ ተጠቅልላ ስለምትቀር ልጅ ነበር። ጊያስ አንደኛ ክፍል ያስተምራል። መብራቱ በየቀኑ መጥፋት ከጀመረ ወዲህ ልጆቹ ሳይተኙ እያደሩ ትምህርት ላይ ያንቀላፋሉ። ወላጆቻቸው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚሏቸው፦ «ጨለማ ውስጥ ምንም የለም።»

«ይሄ ውሸት ነው» አላት ጊያስ መጀመሪያ በተገናኙ ቀን። «ጨለማ ውስጥ ብዙ ነገር አለ። ወንበር አለ፣ ካፖርት አለ፣ የውኃ ገንቦ አለ። ልጅን ምንም የለም ብለሽው አንድ ነገር እግሩን ሲነካው ከዚያ በኋላ አንቺንም አያምንም። ‹ቀን የነበረው ሁሉ አሁንም አለ› ነው መባል ያለበት።»

ሩወይዳ ያን ቀን ቤቷ ስትመለስ ጥቁር ቀለሙን ከሣጥኗ አውጥታ አስቀመጠችው። የሉሉን ሌሊት በጥቁር አልሳለችውም። በጥልቅ ሰማያዊ፣ በቡና ቀለም፣ በበሰለ ወይን ቀለም ደራረበችው፤ ልጅ ጣቱን እያስኬደ ቀስ በቀስ ወንበሩን እንዲያገኘው፣ ቀጥሎ ካፖርቱን፣ ቀጥሎ ገንቦውን። ጭራቅ አልሳለችም። «ልጁ ጭራቁን ይዞት ይተኛል» ብሏት ነበርና።

ረቂቁ ከእሷ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ እሷ በማዳም ማርሴል በኩል ይመላለስ ጀመር። እሱ ጠርዙ ላይ በእርሳስ ይጽፋል፦ «የሉሉ እግር በጣም ንጹሕ ነው፤ ልጅ አላሳደግሽም?» እሷ ትመልሳለች፦ «አንተስ?» እሱ፦ «ሠላሳ ስምንት። ሁሉም አፍንጫቸው ይፈሳል።» ወሩ ሲያልቅ ጠርዙ ላይ ከሥዕሉ ይልቅ ጽሑፉ በዛ። በመጨረሻ አንዱ ገጽ ላይ ስለ ሉሉ አንድም ቃል አልነበረም። «ዛሬ በባሕሩ ዳር ስታልፊ አየሁሽ፤ ነፋሱ መሐረብሽን ሲታገልሽ» ብቻ ይላል። ያን ገጽ ለማተሚያ ቤቱ አልሰጠችውም፤ እንደገና ሳለችው።

የተጣሉበት ገጽ አንድ ብቻ ነበር፤ የመጨረሻው። እሷ መብራት ሲመጣ፣ ክፍሉ ወርቅ ሲሆን፣ ሉሉ ስትስቅ ሳለች። እሱ እምቢ አለ። «በጨለማው ውስጥ ትተኛ» አለ። «የጄኔሬተር ባለቤት ልጅ ስለሆንሽ ሁሉም ነገር መብራት ሲመጣ የሚያልቅ ይመስልሻል።» ቀልዱ ዘለቃት። ሰፈሩ ውስጥ አባቷን በፊቱ «ሐጅ» እያለ ከኋላው «ደማችንን የሚመጥ» የማይለው የለም። ጊያስም ከእነሱ አንዱ ነው ማለት ነው ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችው። ከዚያ «እቤት መጥቼ አባትሽን ልጠይቅ» ሲላት ኩርፊያዋ ወዴት እንደጠፋ አታውቅም።

አባቷ በቀላሉ አልተቀበለም። «አስተማሪ?» ነበር ያለው፣ ሌላ ምንም ሳይጨምር። ግን ሌት ተቀን ስትለምነው ይምጣ አለ። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ከመግሪብ ስግደት በኋላ ይምጣ አለ።

አልመጣም።

አቡ ሙንዚር ያን ማታ አዲሱን ሸሚዙን አውልቆ አጣጥፎ ሲያስቀምጥ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፦ «በር ማንኳኳት እንኳ የሚከብደው ሰው ቤት ሊያቆም አይችልም።» በሳምንቱ ከዳካር ስልክ ተደወለ። ወንድሟ ሙንዚር የሚሠራው እዚያ ነው፤ ነዚህ ከሚባል፣ ጨርቅ ከሚያስመጣ፣ ሦስት መደብር ካለው፣ ሚስት ከሚፈልግ ሰው ዘንድ። ነዚህ ሩወይዳን በፎቶ አይቷታል። ሙንዚር በስልክ «እህቴ፣ እምቢ ካልሽው እኔን በምን ዓይን ያየኛል?» አላት። አባቷ ፊቷን አየ። እሷም ዓይኗን ሰበረች። «እንዳላችሁ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ሁሉም ሰው ደግ ሆነላት። አክስቶቿ ጨርቅ ይዘው ይመጣሉ፣ ስለ ዳካር ሙቀት ይነግሯታል። እሷ ትሰማለች፣ ትስቃለች፣ ሻይ ትቀዳለች። ማታ አልጋዋ ላይ ስትጋደም ግን ትንፋሿ ደረቷ ላይ ይቆማል፤ ወደ ታች አይወርድላትም።

* * *

አሁን በሊፍቱ ጨለማ ውስጥ የምትሰማው ትንፋሽ ግን የሷ አይደለም።

የጊያስ ትንፋሽ አጭር ነው፣ ይቆራረጣል፤ ውኃ ውስጥ ገብቶ እንደወጣ ሰው። አንድ ነገር በግድግዳው ላይ እየተንሸራተተ ወረደ። ወለሉ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው።

«አሞሃል?»

ጫማው ወለሉን ሲፍቅ ሰማች።

«ጊያስ፣ የምትቀልድ ከሆነ...»

«ስልክሽን» አለ። ድምፁ የሱ አይመስልም። «አብሪው። እባክሽ። የኔ ጠፍቷል።»

ስልኳን አውጥታ አበራችው። የባትሪው ምልክት ቀልቷል። በቀጭኑ ብርሃን ጊያስን ስታየው ቁጣዋ እንደ ጨው ሟሟ። ጉልበቱን አቅፎ ጥግ ላይ ተኮራምቷል። ግንባሩ በላብ ርሷል። ዓይኖቹ ብርሃኑ ላይ እንጂ እሷ ላይ አይደሉም። ሠላሳ ስምንት ልጆች ፊት ቆሞ የሚያስተምረው ሰው ይሄ ነው።

አጠገቡ ቁጭ አለች።

«ጨለማ ትፈራለህ» አለች ቀስ ብላ። እንደ ጥያቄ ልትለው ነበር፤ ከአፏ ሲወጣ ግን ጥያቄ አልነበረም።

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሰባት ዓመቴ ነበር። ሲተኮስ ምድር ቤቱ ውስጥ ገባን፣ እኔና አያቴ። እናቴ ውኃ ልታመጣ እንደወጣች በሩ ላይ ግድግዳ ተደረመሰ። ሻማችን አለቀ። አያቴ ‹ተረት ንገረኝ፣ እንዳልተኛ› አለችኝ። ነገርኳት። የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት። እጇን ይዤ ነበር። ስትቀዘቅዝብኝ ጃኬቴን ደረብኩላትና ቀጠልኩ።» ቆመ። «ሲከፍቱልን፣ ብርሃን ሲገባ... እስከዚያ አላወቅኩም ነበር፣ ሩወይዳ። ስነግራት የነበረው ለማንም አልነበረም።»

ሩወይዳ አፏን በእጇ ያዘች።

«ያን ማታ መጥቻለሁ» አለ። «መንገዳችሁ ጥግ ላይ እስካለው ዓሣ ቤት ድረስ። አበባ ይዤ፣ ፀጉሬን ተቆርጬ። መንገዳችሁ አንድ መብራት አልነበረውም። ከጥጉ እስከ በራችሁ ስንት ቤት ነው? ልጅ እየሮጠ ያልፈዋል። እኔ እግሬ እምቢ አለኝ። የማታው የዒሻ ስግደት አዛን እስኪል ቆሜ፣ አበባውን ግንቡ ላይ ጥዬ ተመለስኩ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ?» ከንፈሩ ፈገግታ የሚመስል ነገር ሞከረ። «የልጆችን ፍርሃት የሚያባርረው መጽሐፍ ጸሐፊ ጨለማ ይፈራል ብዬ? ለአባትሽስ? ብርሃን ለሚሸጥ ሰው? ‹ሐጅ፣ ልጅህን ስጠኝ፣ ግን ወደ ቤቴ ስትመጣ ፋኖስ ይዛ ትምራኝ› ልበለው?»

«ልትለኝ ይገባ ነበር። እኔን።»

«አውቃለሁ። ዛሬም የምታናግሪኝ በደረጃው ላይ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። አንቺ ሊፍት ውስጥ ገባሽ።»

ያን ጊዜ ነው የገባት። ይህ ሰው በገዛ ፈቃዱ፣ በሩ እየተዘጋ እያየ፣ ወደ ምድር ቤቱ ተመልሶ ገብቷል። ለሷ ሲል። ሁለት ወር ሙሉ «ንቆኝ ነው» እያለች ያለቀሰችው በከንቱ ነበር።

ስልኩ ትንሽ ድምፅ አሰማ። ባትሪው ሊያልቅ ነው።

«ዘጠኝ ሰዓት ይመጣል» አለ ጊያስ የእጅ ሰዓቷን መስታወት እያየ። «እንጠብቅ። እችለዋለሁ። ስንወርድ አንቺ ቀድመሽ ውጪ፤ ማንም አያውቅም።»

እውነቱን ነው። ቢጠብቁ ማንም አያውቅም። ብትጮኽ የሚሰማ የለም፤ ማዳም ማርሴልም አምስተኛ ፎቅ ላይ በሯን ዘግታ ነው የምትሠራው፣ እሷ ጋ ብትደውልም ሊፍቱን ማስነሳት አትችልም። በዚህች ሰዓት ጄኔሬተሩን ማስነሳት የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው። ለዚያ ሰው መደወል ማለት ደግሞ «አባቴ ሆይ፣ ለሌላ የታጨችው ልጅህ ከወንድ ጋር ተዘግታለች፤ ያውም ደጅህን ሳይረግጥ ከቀረብህ ወንድ ጋር» ማለት ነው። ዳካርን ማሰብ ነው። ሙንዚርን ማሰብ ነው። የሰፈሩን አፍ ማሰብ ነው።

ጊያስን አየችው። «እችለዋለሁ» ያለው ሰው ጥርሱ እየተንገጫገጨ ነው።

የአባቷን ስልክ ቁጥር ተጫነች።

«ምን እያደረግሽ ነው? ሩወይዳ፣ ተይ።»

«ዝም በል።»

ጠራ። አባቷ አነሳ። ከኋላው የመስጊድ ሰው ሲወጣ፣ ጫማ ሲፈለግ ይሰማል።

«ባባ፣ እኔ ነኝ። የማዳም ማርሴል ሕንፃ ሊፍት ውስጥ ተዘግቶብኛል።»

«ልጄ፣ ደህና ነሽ? ሰዓቱን አታውቂም እንዴ? እስከ ዘጠኝ...»

«እስከ ዘጠኝ አይሆንም፣ ባባ። ብቻዬን አይደለሁም።»

የጫማው ኮቴ ራቀ፤ አባቷ ከሰዉ ፈቀቅ ብሏል።

«ማን ነው አብሮሽ ያለው?»

«ጊያስ። አስተማሪው፣ ኡስታዝ ጊያስ ነው።» ስልኩን በሁለት እጇ ጨበጠች። «በጣም ፈርቷል። ጨለማ ይፈራል፣ ባባ። ያን ማታም መጥቶ ነበር፣ መንገዳችን...»

ስልኩ እጇ ውስጥ ጠፋ። አባቷ ምኑን ሰምቶ ምኑን እንዳልሰማ አላወቀችም። ይምጣ፣ ወይም ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወደ ቤቱ ይሂድ፣ አላወቀችም። ጨለማው ተመልሶ ዘጋቸው፤ በዚህ ጊዜ ሁለቱንም እኩል።

* * *

የጊያስ ትንፋሽ እንደገና ከፍ አለ። አንድ ጊዜ «አያቴ» ያለ መሰላት።

ሩወይዳ ከዚህ ቀደም እጁን ነክታው አታውቅም። በእርሳስ ጽሑፍ ነበር የሚነካኩት። አሁን በጨለማው ውስጥ እጇን ዘርግታ ፈለገችው፣ ጉልበቱን አገኘች፣ ከዚያ እጁን። ቀዝቃዛ ነበር። በሁለት እጆቿ ያዘችው።

«ይሄ ምንድነው?» አለችው፣ ጣቶቹን ወለሉ ላይ እያስቀመጠች።

ዝም አለ።

«ሉሉ ትመልስ ነበር። ይሄ ምንድነው?»

«...ወለል።»

«ቀንም ወለል ነበር?»

«ቀንም ወለል ነበር።»

«ይሄስ?» ጣቶቹን ወደ ግድግዳው ወሰደቻቸው።

«ብረት። ቀዝቃዛ ብረት።»

«ቀንም ነበር?»

«ነበር።»

«ይሄስ?» አለች፣ መዳፉን በራሷ ጉንጭ ላይ አሳርፋ። ጉንጯ እርጥብ ነበር።

የጊያስ ጣቶች ተንቀሳቀሱ፤ ከጉንጯ ወደ ቅንድቧ፣ ከቅንድቧ ወደ መሐረቧ ጠርዝ፣ እንደ ዓይነ ስውር። ትንፋሹ ቀስ በቀስ ረዘመ።

«ቀንም ነበርሽ» አለ።

«ነበርኩ። ሁለት ወር ሙሉ ነበርኩ፣ አንተ ሞኝ።»

ሳቀ። እሷም ሳቀች፣ እያለቀሰች። የተቀመጡባት ሳጥን ያው ናት፣ ከሰው ቁመት አትሰፋም፣ ከላይም ከታችም ገደል ነው። ሩወይዳ ግን እዚያው ጨለማ ውስጥ ሳለች በመጨረሻው ገጽ ላይ ተሳስታ እንደነበር ገባት። ልጅቷ መብራት አላስፈለጋትም። ማን አብሯት እንዳለ ማወቅ ነበር ያስፈለጋት። «የመጨረሻውን ገጽ እንደገና እስለዋለሁ» አለችው። «ማዳም ማርሴል ትገድለናለች» አላት። ከዚያ ብዙም አላወሩም። ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ዝም አሉ፤ ሩወይዳም አባቷ እንዳይመጣ ለአንድ አፍታ ተመኘች፣ መመኘቷም አስደነገጣት።

* * *

ሊፍቱ አቃስቶ ተነሳ። መብራቱ ዓይናቸውን ወጋቸው። ሽማግሌ ሊፍት ስለሆነ መብራት ሲመለስለት ሁልጊዜ ወደ ምድር ይወርዳል፤ ወረደ። እጅ ለእጅ እንደተያያዙ በሩ ተከፈተ።

አቡ ሙንዚር በሩ ላይ ቆሟል። የጁምዓ ነጭ ልብሱ ደረቱ ላይ ናፍጣ ተረጭቶበታል፤ ሠራተኛ ሳይጠራ ራሱ ነው ያስነሳው። ከኋላው በረኛው፣ ዳቦ ሻጩ፣ ከስግደት የተመለሱ የሰፈር ሰዎች። ያለ ሰዓቱ መብራት ሲመጣ ምን ተፈጠረ ብለው የወጡም አሉ።

ሩወይዳ እጇን ልታላቅቅ ነበር። አላላቀቀችም።

ጊያስ ግድግዳውን ተደግፎ ተነሳ።

«ሐጅ» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው። እሷ ሸሽታኝ ነው የገባችው፤ ተከትዬ ገባሁባት።»

አቡ ሙንዚር በላብ የተጣበቀውን የጊያስን ሸሚዝ፣ የነጣ ከንፈሩን አየ።

«ጨለማ ትፈራለህ?» አለው። ድምፁን ዝቅ አላደረገም።

አንዱ ከኋላ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። «ይሄን የሚያህል ጎረምሳ» ያለም ነበር። ጊያስ ሰማቸው። ሩወይዳ በያዘችው እጅ ውስጥ መስማቱ ተሰማት።

«አዎ፣ ሐጅ። እፈራለሁ» አለ ጊያስ፣ ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ። «ያን ማታ ያልመጣሁት መንገዱ ጨለማ ስለነበረ ነው። አላዋረድኩህም፤ አቅቶኝ ነው።»

አባቷ ወደ ሩወይዳ ዞሮ «መኪናው ውስጥ ግቢ» አለ። ሰዎቹ መንገድ ለቀቁላት። በመሐላቸው ስታልፍ ፊቷ እንደ ምድጃ ጋለ፤ ዞራ ግን ጊያስን አየችው። ቆሞ እያያት ነበር፤ ልክ መርከብ እንደሚሸኝ ሰው።

* * *

ከሰዓት በኋላውን ክፍሏ ውስጥ ዋለች። ማንም በሩን አልቆለፈባትም፤ ግን መውጣት አልቻለችም። በግድግዳው በኩል የስልኩ ጥሪ ይሰማታል፤ ያቆማል፣ እንደገና ይጠራል። አክስቷ። ሌላ አክስት። ከዚያ የሙንዚር ድምፅ ከዳካር፣ ከስልኩ ውስጥ እስከሷ ክፍል የሚሰማ፦ «ሰውዬውን ምን ልበለው? ምን ልበለው?» አባቷ ምን እንደመለሰ አልሰማችም። አባቷ ሲቆጣ ድምፁ አይሰማም፤ የሚያስፈራውም ለዚያ ነው።

ፀሐይ ወደ ባሕሩ ስታዘቀዝቅ በሩ ተንኳኳ። አባቷ በራሱ ቤት በር ሲያንኳኳ ሰምታ አታውቅም። ገባና የሥዕል መሥሪያ ወንበሯ ላይ ተቀመጠ፤ ወንበሩ አነሰው። ልብሱን አልቀየረም።

«እስከ ዘጠኝ ሦስት ሰዓት ብቻ ነበር የቀረው» አለ። «ብትጠብቂ ማንም አያውቅም ነበር። ይሄን አላሰብሽም?»

«አስቤዋለሁ፣ ባባ።»

«ታዲያ ለምን ደወልሽልኝ?»

«ስለፈራ።»

«እኔንስ አልፈራሽም?»

«በጣም ፈርቼህ ነበር።»

አቡ ሙንዚር እጆቹን አገላብጦ አያቸው። ጥፍሩ ውስጥ የገባው ጥቁር ዘይት በምንም አይለቅም።

«አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ፤ እንደ እናትሽ ዞር አርገሽ አትመልሺልኝ» አለ። «አብሮሽ የተዘጋው ነዚህ ቢሆን ኖሮ ትደውይልኝ ነበር?»

ሩወይዳ ነዚህን ልታስበው ሞከረች፤ በፎቶ ያየችውን፣ ፀጉሩ የተቀባ፣ ሰዓቱ የሚያብረቀርቅ ሰው። ጥግና ጥግ ተቀምጠው፣ እሷ ልብሷን ሰብስባ። ለመዋሸት ጊዜ ነበራት።

«እስከ ዘጠኝ እጠብቅ ነበር» አለች።

አባቷ ወደ መስኮቱ ዞረ። ከመንገዱ ሕፃናት ኳስ ሲጫወቱ ይሰማል። እሷ ትጠብቃለች፤ ሁለት ወር ሙሉ እንደጠበቀችው፣ በሩ ከየት እንደሚከፈት ሳታውቅ።

«ሙንዚርስ?» ብላ ጠየቀች በመጨረሻ። «ሥራው?»

«ሙንዚር ጢም ያወጣ ወንድ ነው። እንጀራውን እህቱ ትከሻ ላይ አያቁም። ነግሬዋለሁ።» ወንበሩን እየገፋ ተነሳ። በሩ ጋ ሲደርስ ጀርባውን እንደሰጣት ቆመ። «ሰዉ ሁሉ ፊት ተናገረው አይደል?» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። «እኔ አልናገረውም ነበር። ጉድጓድ ገብቼ እሞት ነበር እንጂ አልናገረውም።»

ሩወይዳ አልተንቀሳቀሰችም።

«ይምጣ» አለ አባቷ። «ንገሪው። በቀን ይምጣ።»

በሩን ክፍት ትቶት ሄደ። ሩወይዳ አልጋዋ ጠርዝ ላይ እንደተቀመጠች ትንፋሿን ሳበች፤ ደረቷ ላይ አልቆመባትም፣ እስከ ታች ወረደ፣ እንደገና ሳበች፣ እንደገና ወረደ፣ እጇንም ሆዷ ላይ አሳርፋ፣ ይህ ነገር እውነት ከሆነ እንዳያመልጣት ያህል፣ ዝም ብላ መተንፈሷን ታዳምጥ ጀመር።